ጀማሪ ካሜራ ልግዛ ወይስ ታግሼ መካከለኛውን? ከደሴ የተጠየቀ፣ 34 መልስ የደረሰው

ጥያቄውን በፎቶ አንሺዎች መወያያ ገጻችን ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ኅዳር መጨረሻ ላይ። መልሱ እየበዛ ሲሄድ አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ ማንበቡ ሰልችቶት እዚያው ሥር ያንኑ ጥያቄ መልሶ መጠየቅ ጀመረ። አወያያችን ሰብስበህ በአንድ ጻፈው አሉኝ። እነሆ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም፤ የተባባልነውን እንደ ገባኝ ነው የማወራው። የየመልሱን ቁጥር ያስቀመጥኩት አዛብተሃል የሚል ሰው ወጥቶ እንዲያይ ነው።

መነሻው ይህ ነው። ዕቁብ ደረሰኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው ካሜራ ሰርግ ሳነሳ ኖሬ የራሴን ልይዝ ነው። እዚሁ ደሴ ፒያሳ አንድ ሱቅ ጀማሪ የሚባለው ካኖን 2000ዲ አዲሱ አለ፣ ከ18-55 ሌንሱ ጋር። የዕቁቡ ብር ይበቃዋል፣ ለቦርሳና ለሚሞሪም ይተርፈኛል። ልቤ ያለው ግን መካከለኛው ካኖን 90ዲ ላይ ነው። የእሱ ቦዲ፣ ያለ ሌንስ ካሜራው ብቻውን፣ ከእጥፍ በላይ ተጠርቶበታል። ወይ መበደር ነው ወይ ሌላ ዕቁብ መጠበቅ። ጥር ደግሞ ደጅ ላይ ነው። የጥር ሰርግ ያመለጠው ፎቶ አንሺ ዓመቱን ምን ሲበላ ይከርማል? ምን ትመክሩኛላችሁ ብዬ ጠየቅኩ። አጎቴ ስቱዲዮውን ሲዘጋ የሰጠኝ አንድ የቻይና ፍላሽ እንዳለኝም በመጨረሻዋ መስመር ጠቀስኩ። ያቺን መስመር እንዲሁ ለወግ ነበር የጻፍኳት። ጉዱ ያለው እሷ ውስጥ መሆኑን የነገረኝ 9ኛው ነው።

1ኛው መልስ በአምስት ደቂቃ መጣ። የኮምቦልቻ ልጅ ነው። እንኳን ደረሰህ ብሎ መርቆኝ 2000ዲውን ግዛና ተገላገል አለ። የሁለቱም ሴንሰር፣ ምስሉን የሚቀበለው ሰሌዳ፣ መጠኑ እኩል ነው። የአንዱ 24 ሜጋፒክስል፣ የሌላው 32.5። ሙሽሮች ፎቶውን የሚያዩት በስልክ ነው፤ በስልክ ላይ ማን ይለየዋል ነው ነገሩ። 2ኛዋ ተስማማች። 3ኛው ተስማማ። 4ኛው ስንት ብር እንደጠሩብኝ ብቻ ጠየቀ። ነገርኩት፤ ደነገጠ። ሐምሌ 2016 የዶላሩ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ካሜራ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ከዚያ ነው ወሬው የሚቀጥለው።

ነገሩን ያዞረው 5ኛው ነው፤ ወልዲያ የሚሠራ ባለሙያ። ቀን ሜዳ ላይ ሁሉም ካሜራ ያነሳል፣ ፈተናው ቤት ውስጥ ነው አለ። ማታ ነው፣ አንድ አምፖል፣ ግድግዳው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ቤቱ በሰው ጢም ያለ። 18-55ቱን ወደ 55 ስትስበው ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ላይ ይቆማል፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል። አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 6400 አድርሰኸውም ሸተሩ ክፍት የሚሆነው 1/30 ሰከንድ አካባቢ ነው። ሙሽሪት እጇን ስታነሳ እጇ ጭስ ይሆናል። በዚያው ብርሃን፣ በዚያው ካሜራ ላይ የ50 ሚሊሜትሯን ኤፍ 1.8 ብትሰካ የሚገባው ብርሃን ከዘጠኝ እጥፍ ይበልጣል። ሸተሩ 1/250 ድረስ ይወጣልሃል፣ እጇም እጅ ይመስላል። ስለዚህ ብርህን ለቦዲ አትጨርሰው፣ ለሌንስ አስቀርለት ነው ምክሩ። ያቺ ሌንስ 160 ግራም ገደማ ናት። በእጅ ስትይዟት የልጅ መጫወቻ ነው የምትመስለው።

6ኛዋ የሐይቅ ከተማ ልጅ ናት፤ አሳቀችን። በነዚህ ካሜራዎች ላይ ሴንሰሩ አነስ ያለ ስለሆነ የካኖን 50 እንደ 80 ነው የሚያየው። ያንን ሳታውቅ 50ዋን ብቻ ይዛ ሰርግ ሄደች። ጠባብ ሳሎን ውስጥ የሙሽራውን ቤተሰብ በአንድ ፎቶ ለማስገባት ወደ ኋላ፣ ደግሞ ወደ ኋላ፣ አሁንም አንድ እርምጃ ብላ ረከቦቱ ላይ ቆመች። ጀበናው ተሰበረ። ቡና የሚያፈሉት እናት አብሽሪ ልጄ፣ እንኳን አልተቃጠልሽ አሏት። ሙሽራው ግን እስከ ዛሬ ባገኛት ቁጥር የሚያነሳባት ጀበናውን ነው። እና 18-55ቱን ማንም አይናቀው አለች። ለሳሎን እሱ፣ ለፊት 50ዋ።

7ኛው ኒኮን ያላችሁ የት ሄዳችሁ ብሎ ገባ። ዲ3500ን አነሳ። በአንድ ባትሪ 1,550 ፎቶ ያነሳል፣ የናንተ 2000ዲ ደግሞ 500 አካባቢ ላይ ያበቃል አለ። መብራት ሄዶ ሁለት ቀን በሚያድርበት ቦታ ይህ ቀልድ አይደለም። ቁጥሩ ልክ ነው። 8ኛው ግን ጉድለቱን ነገረው። ዲ3500 ቦዲው ውስጥ የፎከስ ሞተር የለውም። የድሮ የኒኮን ሌንስ በርካሽ አገኘሁ ብለህ ብትሰካበት ፎከሱን በእጅህ እያዞርክ ነው የምትውለው። ሁለቱ እዚያው አሥር መስመር ያህል ተናከሱ። አልደግመውም፤ ካኖንና ኒኮን ባሉበት ሁሉ ያለ ንክሻ ነው።

ወደ 9ኛው ልምጣ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ካሜራ የሚጠግን ሰው ነው። ፍላሽህ ምን ዓይነት ናት ብሎ ብቻ ጠየቀ። ማንዋል፣ ኃይሏን በእጅ የሚያስተካክሏት፣ ከሥሯ ከካሜራው ጋር የምትገናኝበት አንድ ነጥብ ብቻ ያላት ብዬ መለስኩ። እንግዲያው 2000ዲ ላይ አትበራልህም አለ። የፍላሹ መቀመጫ መሐል ላይ የነበረችውን ትልቋን ነጥብ ካኖን ከ2000ዲ፣ ከ4000ዲና ከ250ዲ ላይ አንስቷታል። አራቱ ትንንሾች አሉ፤ እነሱ ግን የሚነጋገሩት የካኖንን ቋንቋ ከሚችል ፍላሽ ጋር ነው። እንደኔ ያለችው የቻይና ማንዋል የምታውቀው የመሐሏን ብቻ ነው።

አላመንኩትም። ፋብሪካ አንዲት ነጥብ ነቅሎ ምን ያተርፋል? በማግስቱ ፍላሿን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ሱቁ ሄድኩ። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፣ ሱቁ ውስጥም ብርድ ነው። ሻጩ 2000ዲውን ከካርቶኑ አወጣልኝ። መቀመጫውን በስልኬ መብራት አየሁት። ግራና ቀኝ ሐዲዱ አለ፤ አራት የምስር ፍሬ የማያካክሉ ወርቃማ ነጥቦች አሉ። መሐሉ ልሙጥ ጥቁር ነው። ጣቴን አሳለፍኩበት፣ ምንም። ፍላሿን አጥልቄ ቀይ መብራቷ እስኪመጣ ጠበቅኩና ተጫንኩ። ካሜራው ቻክ አለ። ፍላሿ ዝም። ሻጩ ፍላሽህ ሞታለች አለኝ። ከመደርደሪያው ያገለገለ 1300ዲ አስወርጄ እሱ ላይ ሰካኋት። ፏ ብላ በራች። ሁለታችንም ዓይናችንን እያሸን ተያየን። ሰውዬው ስንቱን 2000ዲ ሸጧል፤ የተነሳችውን ነጥብ ያወቃት ግን ያን ቀን ነው።

ይህንን መጥቼ ስጽፍ 10ኛው እርማት አመጣ፣ ጥሩ እርማት። ፍላሽህ ሌላ ፍላሽ ሲበራ ተከትላ የምትበራበት ሞድ ካላት ተስፋ አትቁረጥ አለ። 2000ዲ የራሱ ብቅ የምትል ትንሽ ፍላሽ አለው። እሷን አውጥተህ ስታነሳ ያንተዋ ከጎን ሆና ተከትላ ትበራለች። አለበለዚያ የካኖንን ቋንቋ የምትችል ፍላሽ መግዛት ነው፤ እሷ ደግሞ ብር ናት። እኔም ያቺን ሞድ አገኘኋት፣ ሠራችም። ችግሩን ደግሞ ቆይቶ 28ኛው ነገረን። ሰርግ ላይ ሌላም ካሜራ አለ፤ አክስትየዋም ዲጂታሏን ይዛ መጥታለች። እነሱ ባበሩ ቁጥር ያንተዋም ትበራለች። ኬኩ ሳይቆረስ ባትሪዋ ያልቃል።

11ኛው ከአዲስ አበባ የሚጽፍ የደሴ ልጅ ነው። ለመሆኑ በዚህ ዘመን ዲኤስኤልአር፣ እንደነዚህ ያለ ባለ መስታወት ካሜራ፣ የሚገዛ ሰው አለ ወይ ብሎ ጀመረ። አነጋገሩ ትንሽ ኮራ ያለ ነበር። ካኖንም ኒኮንም ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ አዲስ ዲኤስኤልአር አላወጡም፣ ሁለቱም መስታወት ወደሌለው ሚረርለስ ዞረዋል፣ አንተ የሞተ ዘር ልታረባ ነው አለኝ። የተናገረው ውሸት የለውም። 12ኛው ግን አንተ ሞተ የምትለው ነገር ነው ለኛ የሚያዋጣን አለው። ሀብታሙ ወደ አዲሱ ሲዞር አሮጌው ሌንስ ወደኛ ይወርዳል፤ ነገ ሚረርለስ ብትገዛ ደግሞ የካኖን ሌንስህ በአዳፕተር ይገባል። ዲኤስኤልአር በመስታወት ስለሚያሳይህ ባትሪ አይበላም። 90ዲ በአንድ ባትሪ 1,300 ፎቶ ነው፤ የሱ ዓይነቱ ሚረርለስ ከዚያ በብዙ ያንሳል። 13ኛው ይህንን ሲያነብ ያስታወሰው ሌላ ነገር ነው። ቦረና ሰርግ ሄዶ መብራት የለም፣ ጄኔሬተሩ ደግሞ የዘፋኙ ኪቦርድ ላይ ተይዟል። ቻርጀሩን ለመሰካት ከኪቦርዱ ልጅ ጋር ያደረገውን ድርድር ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈው። በመጨረሻ ሁለት ዘፈን በነፃ ቪዲዮ ሊቀርጽለት ተስማምተው ነው የተሰካለት።

14ኛው ያደረገውን ወድጄዋለሁ። ሁለቱም ካሜራ አለው። በጠዋት ሐይቅ ወርዶ ከዳር ሆኖ የእስጢፋኖስን ገዳም በሁለቱም አነሳው። አንድ ሌንስ ነው የተጠቀመው፣ ያቺኑ 50። የቱ በየትኛው እንደተነሳ ሳይናገር ሁለቱን ለጠፈና ገምቱ አለ። ውሃው ላይ ስስ ጭጋግ አለ፣ አንዲት ታንኳ ወደ ግራ ትሄዳለች። 11 ሰው ገመተ። ያገኙት 4 ናቸው። እኔም ተሳሳትኩ፤ ያውም በእርግጠኝነት፣ ቀለሙን አይታችሁ እንዴት አልለያችሁም ብዬ ከጻፍኩ በኋላ። እስካሁን ይተርቡኛል።

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። 15ኛዋ አላለቀም አለች። ላስታ ላሊበላ ነው የምትሠራው። ሐይቅ ቆሞ የሚጠብቅ ነገር ነው፣ እኔ የማነሳው ግን አይቆምም አለች። ነሐሴ 16 አሸንድዬ ሲወጣ ልጃገረዶቹ ከበሮ ይዘው ዞረው፣ ዘለው፣ ቀሚሱ ተበትኖ አንድ አፍታ ነው። 2000ዲ በሰከንድ 3 ፎቶ ያነሳል። 90ዲ 10። ፎከስ የሚይዝባቸው ነጥቦች የአንዱ 9 ናቸው፣ በደንብ የሚይዘውም የመሐሉ ብቻ ነው፤ የሌላው 45፣ ሁሉም ጠንካራ። ሌላም የማይወራለት ነገር አነሳች። በ2000ዲ መስኮት ስታይ የምታየው የፎቶውን ወርድም ቁመትም 95 በመቶ ብቻ ነው። የቀረው ጠርዝ ላይ ነው ያለው። ቤት ገብተህ በኮምፒውተር ስትከፍተው የማታውቀው ሰው ጫማ በጥግ ብቅ ብሎ ታገኛለህ። የላሊበላ ጉዳይ ሲነሳ አንድ ሌላ ሰው ቤተ መቅደስ ውስጥ በፍላሽ ማንሳት ነውር መሆኑን አስታወሰን። ለገና ቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ቤዛ ኩሉ ሲሉ ግን ጠዋት ነው፣ ነጭ ልብስ ነው፣ ብርሃን ሞልቷል። የትኛውም ካሜራ ያነሳዋል፤ ከሰው ግፊያ መሐል እጅህን ማውጣት ከቻልክ።

16ኛው ላይ ቤቱ ተበጠበጠ። ሰውየው ከላይ ያለውን ሁሉ ወረቀት አንባቢ ብሎ ጠራን። ቁጥር ስትቆጥሩ የምትውሉ አንድ የሚታይ ፎቶ የላችሁም አለ። እኔን ደግሞ ለብቻዬ ያዘኝ። ሁለት ዓመት በሰው ካሜራ ሠርቶ ዛሬም የቱን ልግዛ የሚል ሰው ካሜራ ሳይሆን ሌላ ሙያ ይፈልግ ነው ያለው። 17ኛዋ አንተስ ምን ለጠፍክ ብላ አፋጠጠችው። 18ኛው እኔ ነኝ። የጻፍኩትን አወያዩ አጥፍተውታል፣ ደግ አደረጉ። 19ኛው ራሳቸው አወያዩ ናቸው። አብሽሩ፣ የወሎ ልጆች በካሜራ ተጣሉ አይባልም፣ ሙሐባው ይሻላል ብለው ውሃ አፈሰሱበት። ስድብ የደገመ ሳምንት ይታገዳል የሚለውንም ከሥር ጨመሩ።

20ኛው ሲጽፍ ሁሉም ዝም አለ። ስቱዲዮ ነበረው፣ እዚሁ ደሴ። ጥቅምት 2014 ላይ፣ በጦርነቱ፣ ቤተሰቡን ይዞ በሌሊት ሲወጣ ካሜራዎቹን መያዝ አልቻለም። ልጅ ታቅፏል። ሃርድ ዲስኩን ብቻ ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ ያዘ፤ የሰው ሰርግ ነው ያለበት፣ የሰው አደራ ነው አለ። ሲመለስ የጠበቀው ግድግዳና የጀርባ መጋረጃው ነው፤ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ። ከባዶ የጀመረው በአንድ ያገለገለ 1300ዲ ነው፣ 18 ሜጋፒክስል። አንድ ዓመት ከግማሽ በሷ ሠርቶ ዕዳውን ከፈለ። ዛሬ 90ዲ ይዟል። ማታ ቤት ውስጥ ሲያነሳ ልዩነቱን እንደሚያየው አልካደም። ግን ይህ ጠያቂ ልጅ ተበድሮ እንዳይገዛ አለ። የነጥቧን ነገር ሳያውቅ የቀረውም 1300ዲ ላይ ስላለች ነው፤ በሱ ሰፈር ሁሉም የቻይና ፍላሽ በሁሉም ካኖን ላይ የሚበራ ይመስለው ነበር። ሃርድ ዲስኩን ምን አደረግከው ብለን ጠየቅነው። እየዞረ ለየባለቤቱ አደረሰው። የሁለት ቤት ፎቶ ብቻ ተቀባይ አጥቶ እስካሁን አለ።

21ኛው አንጋፋ ናቸው፤ አንቱ ነው የምንላቸው። በደርግ ጊዜ በዜኒት፣ በሶቪየቱ የፊልም ካሜራ፣ ሰርግ አንስተዋል። አንድ ፊልም 36 ፎቶ፣ ለአንድ ሰርግ ሁለት ፊልም፣ አለቀ። የጠየቅኩትን አልመለሱልኝም። ይልቅስ በስቱዲዮ ሲሠሩ የሰውን ፊት ኔጋቲቩ ላይ በሾለ እርሳስ እንዴት እንደሚያስተካክሉ ጻፉልን። እርሳሱን በብርጭቆ ወረቀት እንደ መርፌ ማሾል ነው። ኔጋቲቩ ላይ የሚነጣው በወረቀት ይጠቁራል፣ የሚጠቁረው ይነጣል፤ ስለዚህ መጨማደዱን እንዲያበራው በእርሳስ ጠቆር ማድረግ ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ወሬው ሁሉ ስለ አልበም ሆነ። የዛሬ ሙሽሮች 1,500 ፎቶ ተቀብለው አንድ አያሳትሙም፣ ስልኩ ሲጠፋ ሰርጉም ይጠፋል ተባለ።

22፣ 23 እና 24 ከካሜራ ጋር ግንኙነት የላቸውም። አንዱ አዝዋ ገደል ላይ ማታ ሲገባ ደሴን ከላይ ማንሳት የሚበልጠው የለም አለ። ሁለተኛው ባቲ፣ ሰኞ ገበያ ቀን፣ ከሦስት ሰዓት በፊት አለ። ሦስተኛው ባቲ ላይ ሰው ሳታስፈቅድ ብታነሳ ካሜራህን ሳይሆን ጥርስህን ነው የምታጣው አለ። ትክክል ነው፤ አስፈቅዱ።

25ኛው መካከለኛ ካሜራ የሚገዛው ሁለት ሚሞሪ ስለሚይዝ ነው አለ። ታሪኩ ያማል። ኒካህ አንስቶ ቤት ሲገባ ካሜራው ሚሞሪውን ፎርማት አድርግ አለው። ሙሽራይቱን፣ ሸሁን፣ ዱዓውን፣ ሁሉንም በላበት። ገንዘቡን መልሶ፣ ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ ጠይቆ ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሚሞሪ የማይዝ ካሜራ አልነካም ብሏል። 26ኛው በትሕትና አረመው። 90ዲ የሚይዘው አንድ ሚሞሪ ነው። 80ዲም አንድ። ኒኮን ዲ7500ም አንድ። የሚገርመው ከሱ በፊት የወጣው ዲ7200 ሁለት ይይዛል። መካከለኛ ስለተባለ ብቻ ሁሉ ነገር አለው ማለት አይደለም። እኔ በበኩሌ ከዚህ ታሪክ በኋላ አንድ ትልቅ ሚሞሪ ከመግዛት ሁለት ሦስት ትንንሽ ገዝቼ መቀያየር ጀመርኩ። አንዱ ቢበላ መልሱ ይተርፋል።

መልሴን ያገኘሁት 27ኛው ላይ ነው። ለምን ሁለት መንገድ ብቻ ታያለህ አለኝ። ያገለገለ 80ዲ ፈልግ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ 24.2 ሜጋፒክስል። ያው 45 የፎከስ ነጥብ አለው፣ በሰከንድ 7 ፎቶ፣ መስኮቱ መቶ በመቶ ያሳያል። ፍላሽ መቀመጫው መሐል ነጥቧ አለች። ፎርኬ የሚባለው ከፍተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ የለውም፤ ማን ጠየቀህ? ዋጋው ከአዲሱ 2000ዲ ብዙ አይርቅም። 28ኛው፣ ያ ስለ አክስትየዋ ዲጂታል የነገረን ሰው፣ የቪዲዮውን ነገር ጨመረ። 2000ዲ ማይክ የሚሰካበት የለውም። 80ዲ ማይክም ጆሮ ማዳመጫም ይቀበላል፤ በቪዲዮ ላይም ፎከሱ ሳይዋዥቅ ፊት ይከተላል። ሰርግ ላይ መንዙማ ሲጀመር ድምፁ በካሜራው በራሱ ማይክ ከተቀረጸ ድቤው ብቻ ነው የሚሰማው። እውነቴን ነው፣ ይህንን ከመጀመሪያው ማንም ሊለኝ ይገባ ነበር። የሰርግ ገቢዬ ግማሹ ቪዲዮ ነው።

29ኛዋ ያገለገለ ሲገዛ ምን እንደሚታይ ጻፈች። ኤፍ 16 ላይ አድርገህ ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ አንሳ። ፎቶውን አጉላው። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ፤ አቧራ ይጸዳል፣ ጭረት ግን አይጸዳም። የባትሪ በሩን ክፈት፣ ዝገት እይ። ሸተሩ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ጠይቅ፤ የ80ዲ ሸተር 100,000 ይችላል ተብሎ የተሠራ ነው። ኒኮን ቁጥሩን ፎቶው ውስጥ ይጽፈዋል። 80ዲን ግን ከኮምፒውተር ጋር በገመድ አገናኝቶ በፕሮግራም ማንበብ ነው። ሻጭ ሁሉ ትንሽ ነው የሠራው ይላል፤ ብዙ ሠርቷል ብሎ የሸጠ ገና አልተወለደም።

30ኛው ማን ይመስላችኋል? ያ 16ኛው። ይቅርታ የሚል ቃል አልጻፈም። ገመዱም ላፕቶፑም አለኝ፣ ቅዳሜ ፒያሳ ነኝ ብቻ አለ።

31ኛው የኔ ሪፖርት ነው። ቅዳሜ ተገናኘን። ሰውየው ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ ነው። ባለ 80ዲው ሻጭ 20 ሺህ እንኳ አልተተኮሰም ሲል ማለ። ገመዱ ተሰካ። 71 ሺህና ምናምን አለ። ሻጩ ላፕቶፑን አየ፣ ካሜራውን አየ፣ እኔ የገዛሁትም ከሰው ነው አለ። 16ኛው ምንም አልተናገረም። ገመዱን ቀስ ብሎ መጠቅለል ጀመረ፤ እንደሚሄድ ሰው። ገመዱ ተጠቅልሎ ሳያልቅ ዋጋው ወረደ። ገዛሁት። 18-55 ሌንስ ከጓደኛዬ መሳቢያ ውስጥ በሻይ ዋጋ አገኘሁ፤ 50ዋን በተረፈኝ ብር ጨመርኩ። ቡና ልጋብዝህ ብለው እምቢ አለ፤ ሦስት ጊዜ ለመንኩት፣ ገባ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ስልኩን አውጥቶ ፎቶዎቹን አሳየኝ። አንተስ ምን ለጠፍክ ያለችው 17ኛዋ ብታይ ደስ ይለኝ ነበር። ለምን አትለጥፍም አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ።

የመጀመሪያው ሰርግ ኩታበር ነበር፣ ጥር 12። የቻይናዋ ፍላሽ ሠራች። ሸተሩ 50ዋ ላይ እስከ 1/200 ከፍ አለ፤ የሙሽሪት እጅ እጅ ሆኖ ወጣ። አንድ ጊዜ ፎከሱ ሙሽራውን ትቶ ከኋላ የተንጠለጠለውን ጌጥ ያዘ፤ ያ የኔ ጥፋት ነው። 90ዲን አሁንም እመኘዋለሁ፣ አልዋሽም።

32ኛዋ የሐይቋ ልጅ ናት፤ ጀበና ሰበርክ ወይ ብላ ጠየቀች። አልሰበርኩም፤ የወጥ ድስት ክዳን ግን ረግጫለሁ። 33ኛው ስለ ድሮን ጠየቀ። 34ኛው አወያዩ ናቸው፤ ድሮን ሌላ ክር ክፈቱለት አሉ።